ለአቶ ተካልኝ ስነሳ

ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ የማይነሳ ሰው እኛ አገር ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሹም ነው፣ ወይ ባለጌ ነው። እኔ በጃንሆይ ዘመን፣ ኮልፌ ውስጥ፣ ሦስተኛ ዓይነት ነበርኩ። ግን ማን ያምናል?

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አቶ ተካልኝ የሚባሉ ሰው እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የወንበር እግር እፈትጋለሁ። ጭኔ መክሳት ጀመረ። ሌላው አካሌ ደህና ነው፤ ጭኔ ብቻ እንደ ሻማ ያልቃል። ለመነሳት መጀመሪያ ጉልበቴን እይዛለሁ፣ ከዚያ ጭኔን፤ በገዛ እግሬ ላይ በእጄ እወጣለሁ። መሰላሉም እኔ፣ ወጪውም እኔ።

ሥራ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የተናገረስ እንጀራ ይገኝለታል? እግሩ የከዳው ሠራተኛ እዚያ ቤት ሲቆይ አላየሁም።

ታዲያ አቶ ተካልኝ ሲገቡ ሁሉም ብድግ ይላል። እኔ ግማሽ ላይ ስደርስ እሳቸው አልፈዋል። መልሼ እቀመጣለሁ። መጋዝ የሚጎትተው ከድር፣ ጃንሆይ ቢመጡም ተቀምጠህ ነው የምትቀበላቸው? እያለ ያሾፍብኛል። አቶ ተካልኝ ግን አልሳቁም። ትዕቢተኛ አላኖርም ማለታቸውን ሰማሁ።

የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። የከሳ ሰው ቅቤ ነው የሚያሻው አለች። ቅቤ በገንፎ፣ ቅቤ በክትፎ። ቦርጭ አወጣሁ። ጭኔ እዚያው ነው። ድሮ ቀጭን ሰው ማንሳት ያቃተው እግር አሁን ወፍራም ሰው አንሳ ተባለ።

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጭኔን ዳበሱና ጡንቻው እየመነመነ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም አሉ። ያለውን ለማቆየት ግን ቅቤው ይቀንስ፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሲገኝም እንቁላል ይብላ። ዝም ብሎ አይቀመጥ። ከወንበር ይነሳ፣ ይቀመጥ፤ ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ። ሲደክመው ያቁም፤ አለዚያ የባሰ ይጎዳል።

እናቴ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። ባቄላና ምስር ለመብላት ሐኪም ቤት ምን አስኬደን? ሳይታዘዝልንስ ስንበላው አልኖርንም?

እኔ ግን አሰብኩ። መነሳት ከታዘዘልኝ፣ ለምን ለሰው አልነሳም? ከፍ ያለ ሳጥን ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። አቶ ተካልኝ ገና ከማዞሪያው ብቅ ሲሉ እጀምራለሁ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሜያለሁ። አንድ። ለእንጨት ሻጩ ተነሳሁ፣ ለቆራሌው ተነሳሁ። አምስት ከሞላ በኋላ ማን ቢመጣ አቀርቅሬ እፈትጋለሁ፤ ሥራ የበዛበት ሰው እመስላለሁ።

በወር ውስጥ ስሜ ተለወጠ። አቶ ተካልኝ «ከሩቅ ሲያየኝ የሚነሳ ልጅ አለኝ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ከዚያ ሸለሙኝ። ደንበኛ እንድቀበል በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ።

ደንበኛ በአምስት ያበቃል? ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ገባ። ሁሉም «ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጥ» ይለኛል። ከተነሱ በኋላ ተቀመጥ ማለት ምን ያደርጋል? በሁለተኛው ሳምንት የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አንድ ቀን ቁም ሳጥን ልታዝ ለመጣች ወይዘሮ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝና እግሯ ሥር ተደፋሁ። እግር ልስም የወደቅኩ መስሏት፣ ይኼስ በዛ ልጄ አለችኝ።

አቶ ተካልኝ ግን ገባቸው። ሴትዮዋን ሸኝተው በሩን ዘጉና ጠየቁኝ። ጭኔን፣ ሐኪሙን፣ አምስቱን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሂድ እስኪሉኝ መሬት መሬት አያለሁ።

«በሽታ ከእግዜር ነው። ተቀምጠህ ሥራ» አሉ። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ደግሞ፣ «እኔ ስገባ የምትነሳውም ሐኪም አዞህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንድም ቀን ለእኔ ብለህ አልተነሳህም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ደክሞኛል።

«ከአምስቱ የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ» አልኳቸው።

ከሥራ አላስወጡኝም። ወደ ውስጥ መለሱኝ፤ ደመወዜንም አልነኩም። እኔ ሳላያቸው በጓሮ በር መግባት የጀመሩት ግን ከማግስቱ ነው።