ለትርንጎ ሠርግ የታፈነው ጠመንጃ

እኛ ዘንድ ጠመንጃ ከሚገድለው የሚያወራው ይበዛል። ክፉውን ተኩስ ማለቴ አይደለም፤ እሱን የሚያወራ አይጠፋም፤ እኔ የማወጋችሁ ስለ ደጉ ተኩስ ነው። ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፣ ሙሽራ ሲመጣ ይተኮሳል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል። ደባርቅ ገበያ መሀል ተኩስ የሰማ ያገሬ ሰው ወዲያው አይሮጥም። መጀመሪያ ጆሮውን ያዘነብልና ከየት ሰፈር እንደመጣ፣ የማን ጠመንጃ እንደሆነ ያጣራል፤ ከዚያ ወይ «እሰይ!» ይላል፣ ወይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። እንግዳ ሰው ግን ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እንግዳ ላይ መሳቅ ነውር ስለሆነ አንስቅበትም። ትንሽ ብቻ ነው የምንስቀው።

እኔ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር የብረታ ብረት ቤት አለኝ። የወፍጮ ሞተር እጠግናለሁ፣ የበር ማጠፊያ እበይዳለሁ፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሲመጣልኝ ደግሞ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ገፋ አደርጋለሁ። ሚስቴ «ከወፍጮ ነው የምንበላው፣ አንተ የምትስቀው ግን ለጠመንጃ ነው» ትለኛለች። አልዋሸችም።

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ውበቱ አንድ ረጅም ነገር በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ውበቱን ብታውቁት ትወዱት ነበር፤ ገብስ አምራች፣ ቁጡ፣ ሆደ ቡቡ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ትርንጎ ናት። ጋቢውን ሲፈታው ቆላ ወርዶ ለአደን አስጎብኚዎች ሲሠራ የኖረው ወንድሙ ከነፈቃዱ ያወረሰው የአደን ጠመንጃ ነው። ከጎኑ ደግሞ ክንድ የማያህል ጥቁር ቱቦ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማፈኛ ነው። አፈሙዙ ላይ ሲገባ ድምፁን ያፍነዋል። ወንድሜ እንስሳቱ እንዳይበረግጉ ይገጥመው ነበር።»

«ምን ልታድንበት ነው?»

«ልድርበት ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርንጎ ልትዳር ነው። ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ያለ ተኩስ ወጣች ማለት ደግሞ፣ በእኛ ሰፈር፣ ከቤት ተባረረች ከማለት ብዙ አይርቅም። ችግሩ ያለው አጥር ማዶ ነው። አጥር ማዶ ያሉት የእህል ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ ናቸው። ሴት ልጅ አልወለዱም፤ ትርንጎ ያደገችው በእሳቸው መደብር ጆንያ ላይ እየተንከባለለች ስለሆነ «ልጄ» የሚሏት ከልባቸው ነው። አሁን ያ ልባቸው ታሞ ጎንደር ተኝተው ታክመው መመለሳቸው ነው። ሐኪሙ «እንዳይደነግጡ» ብሎ ነው የሸኛቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራም ያንን ቃል ይዘው ሰፈሩን ጸጥ አስብለውታል፤ በር የሚያላትም ሰው ሲያዩ በዓይናቸው ነው የሚገርፉት።

«ካልተኮስኩ ልጄን አዋርዳለሁ፣ ከተኮስኩ ሐጂን እገድላለሁ» አለኝ ውበቱ። አሳዘነኝ። ማዘኔ እውነት ነው፤ ግን ልደብቃችሁ አልችልም፣ እጄ ቱቦውን ይዞ እያገላበጠው ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ሲተኮስ ጥይቱን ከሚገፋው ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳ ተመልሶ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ ያስወጣል፣ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ማፈኛ ሲገጠምለት ግን በፊት በአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ያጥረውና ወደ ኋላ ይመለሳል። መጀመሪያ ቀን ከብረት ቤቴ በታች ካለው ገደል ሥር ወርደን፣ አፈሙዙን ወደ አፈሩ አዙረን ስንሞክረው መዝጊያው ሊገነጠል ደረሰ፣ ቀለሁ ጫካ ገባ፣ ጭሱ የውበቱን ዓይን ሞላው። «ልጄን ሳልድር አስለቀሰኝ» እያለ ተመለሰ።

መፍትሔው የጋዙን መግቢያ የሚያጠብበው ቀለበት ነው። ትንሽ አጥብቡት፣ መዝጊያው ይረጋል፤ አብዝታችሁ አጥብቡት፣ ደግሞ መዝጊያው ይሰንፍና ቀለሁ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስንወርድ ስንወጣ ሳምንቱ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ቀን ውበቱ ቃታውን ሳበ፣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ የወደቀ ያህል «ቷ!» አለ፣ ቀለሁም ተሽከርክሮ እግሬ ሥር ቁጭ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች ቀና እንኳ አላሉም። ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ማንኪያ የሚያስበረግጋቸው ጭላዳዎች! ተቃቀፍን። ከአንድ ወፍጮ ይህን ያህል ደስታ አግኝቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኛም የጠየቅነው ዘግይተን ነው።

የሠርጉ ቀን ሁሉም ነገር አምሮ ዋለ። ዳሱ ሞላ፣ ለሐጂ ወገን የሚሆነው በግ በራሳቸው ሰው ታርዶ ለብቻው ተሠርቷል፣ ከበሮው ይመታል። የሙሽራው አጃቢ ከወንዙ ማዶ ጉብታው ላይ ደርሶ በነጠላው ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ውበቱ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከቤቱ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ወረድን። አፈሙዙን አፈሩ ላይ አነጣጠረና ሦስቴ ተኮሰ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። መዝጊያው እንደ ቅቤ ሄደ። ቀለሆቹን ለቅሜ ኪሱ ከተትኩለት፤ ደረቱን ነፍቶ ወደ ዳሱ ተመለሰና ተቀመጠ።

ተቀመጥን። ጠበቅን። ከበሮ መቺዎቹ ደከማቸው። ወጡ ሁለቴ ተሞቀ። ማዶ ያለው አጃቢ ግን ንቅንቅ አላለም። በዳሱ ጥግ ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዷ «ልጅቱ ላይ ነገር ተሰምቶ ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ውበቱም ሰማት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ያን ጊዜ ትርንጎ፣ ሙሽራ መታየት የለባትም ቢሏት እንቢ ብላ፣ ከነቬሏ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምትተኩሰው?»

«ተኮስኩ እኮ ልጄ! ሦስቴ!»

«ለማን?» አለችው።

ያ ነው ጥያቄው። በእኛ አገር አጃቢ ዝም ብሎ ዘው አይልም፤ የሴቲቱ አባት ተኩሶ «ኑ» ካላለው፣ እስኪመሽ ጉብታው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወንዙን አይሻገርም። ይህን ውበቱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ያውቃል። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቀለበትና ስለ ጋዝ ስናስብ፣ ተኩስ የተኳሹ ብቻ መስሎን ቁጭ አለ። አንዱ ወጣት «ለምን አንደውልላቸውም?» አለ። ማዶ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርስ ሙሽራ በስልክ ይጠራል? ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሲያየው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ማፈኛውን አውልቀውና ተኩስ» አልኩት ውበቱን በጆሮው። ጠመንጃውን አነሳ። ወደ ሐጂ አጥር አየ። መልሶ አስቀመጠው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «አልችልም» አለኝ። «አንድ ልጄን ለመዳር ሐጂን አልቀብርም።»

በዚህ መሀል የሐጂ በር ተከፈተ። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ እትዬ ዘሃራን ከኋላ አስከትለው ወጡ። ተቆጥተዋል።

«አንተ ውበቱ! ከጧት ጀምሬ ጆሮዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ። አልጋዬን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሁት የልጄን ተኩስ ልሰማ ነው። እንደ ሌባ በዝምታ ልትሸኛት ነው ወይ? ምን በደለችህ?»

«ሐጂ፣ ለአንቱ ብዬ እኮ ነው! ልብዎ...»

«ልቤ ምን አለህ?»

ውበቱ ወደ እትዬ ዘሃራ አየ። እትዬ ዘሃራ መሬት መሬት አዩ። «ሐኪሙ እንዳይደነግጡ ብሎ...» አሉ ቀስ ብለው።

«ሳላውቀው እንዳልደነግጥ ነው ያለው! የማውቀው ነገር ምኑ ያስደነግጠኛል? ቆይ፣ እናንተ ስለ ልቤ ይህን ያህል ስትመክሩ እኔ የት ሄጄ ነበር? እዚሁ አይደለሁም?»

እኔ ጫማዬን ሳይ ነበር። የታመመ ሰው ላይ ሰፈሩ ሁሉ ይመክራል፤ ምን ይሻልሃል ብሎ ራሱን የሚጠይቀው ግን አይገኝም። እኛ ሰውየውን ትተን ጠመንጃውን ነበር ስናስተካክል የከረምነው።

«በል ተኩስ» አሉት።

«አልተኩስም ሐጂ። ቢፈልጉ ይርገሙኝ።»

«እንግዲያው እኔው እጠራቸዋለሁ» አሉና ከዘራቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው፣ በራቸው ላይ ወደቆመችው አይሱዙ ሄዱ። ያቺ አይሱዙ እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ተነስታ አታውቅም። ማንም ሳይይዛቸው ጋቢና ገቡና ክላክሱን ተጫኑት። ተጭነው አለቀቁትም። በሕይወቴ ብዙ ተኩስ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን አልሰማሁም። ወዲህ ውሻው ይጮሃል፣ ወዲያ በቅሎው ገመዱን በጥሶ ይሮጣል፣ ዳሱ ውስጥ ያሉ አሮጊቶች ያማትባሉ። እትዬ ዘሃራ ጆሯቸውን ሳይሆን የባላቸውን እግር ይዘው «ያ አላህ!» ይላሉ።

ማዶ ያለው ነጭ ነገር ተነሳ። በየገበያው ቀን ወደ ዳባት ከመነሳቷ በፊት የምትጮኸውን የሐጂን ክላክስ የማያውቅ ማን አለ? እየዘፈኑ ወንዙን ተሻገሩ። ሐጂ ከጋቢናው ሲወርዱ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ግን ይስቃሉ። ትርንጎ ሮጣ ሄዳ ከነቬሏ አቀፈቻቸው፤ ያን ጊዜ ያላለቀሰ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

ከሳምንት በኋላ መልስ ተጠራ። ሐጂ አስቀድመው ልከውብኝ ነበርና ቱቦውን ከጠመንጃው አውልቄ፣ ቀለበቱንም ወደ ጥንት ቦታው መልሼ ይዤ ሄድኩ። ትርንጎና ባሏ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሐጂ በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ሻይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ፤ እትዬ ዘሃራ ጥጥ በጆሯቸው ወትፈው አጠገባቸው ቆሙ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ሻዬን ተቀበልኩ። ውበቱ እየፈራ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ።

ተኮሰ። ገደሉ ተቀብሎ ወደ አምባራስ በኩል አሳለፈው፤ ደጋግሞ ሲያስተጋባ ቆየ። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የመጨረሻው ድምፅ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«አሁን ተዳረች» አሉ።

የእሳቸው ብርጭቆ አልተነቃነቀም። ሻዩን ሱሪዬ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ።