መምህር ካሳ ሽማግሌ ይዘው የሄዱ ዕለት

ቀሪ ተማሪ እያሰሰ አገር የሚያስቸግር አንድ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት የለም። የቆቦው ክቡርነታቸው መምህር ካሳ፣ የቀሪዎች ሚኒስትር ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

"አንድ ቀን ቢቀር ህመም ነው፤ ሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ስንብት ነው" ይላሉ። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ጅቡቲ ምን ያህል እንደሚርቅ የጠየቀ ልጅ በነጋታው ካሳን ደጁ ላይ ያገኛቸዋል። ለስደት የተነሳ አንዱንማ ሮቢት ከተማ ላይ ከሚኒባስ ያወረዱት "ወራጅ አለ!" ብለው ራሳቸው ጮኸውለት ነው።

ዩኒት ሊደሯ ራዊያ መርሯታል። የቀሪ ተማሪ ቅጽ ይሙሉ ስትላቸው "ቅጽ ልጅ አይመልስም" ይሏታል። አይመልስም፤ ግን እሷ የምትጠየቀው ቅጹን ነው።

ጥቅምት ላይ የስምንተኛ ክፍሏ ኢልሀም ሦስት ቀን ቀረች። አባቷ ሙሀመድሰይድ ከማሽላ መጠበቂያው ማማ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ወፍ ደግሞ አያዝንም፤ ልጅቱ ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ ወጣች። ማሽላው እስኪታጨድ አንድ ወር ይቀራል፤ ወር የቀረች ልጅ ሚኒስትሪ አትፈተንም።

"ሽማግሌ እንልካለን" አሉ ካሳ።

"ለትምህርት?" አለች ራዊያ።

"ለጋብቻ ሲላክ ማን ከደጅ መልሶ ያውቃል?"

የአገር ሽማግሌውን ሼህ ሙህዲንን አስቀድመው፣ ራዊያን አስከትለው ወደ ሙሀመድሰይድ ቤት ሄዱ። ተቀመጡ ቢባሉ ሦስቱም ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"ልጅህን ፈልገን መጥተናል፤ ሳትሰጠን አንቀመጥም" አሉ ሼሁ።

ሙሀመድሰይድ በአንድ እግሩ ብድግ አለ። "ወላሂ አልድራትም! ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ልጄ ገና ተማሪ ናት!"

"ይህንኑ ከአፍህ ልንሰማ ነው የመጣነው" አሉ ካሳ።

ሰውየው ነገሩ ሲገባው አፈረ፤ ሳቀም። ወዲያው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ወፉንስ ማን ይጠብቅልኝ? ዓመቱን የምንበላው እሱኑ እኮ ነው!"

ካሳ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"እኔ አለሁ።"

"ክፍለ ጊዜዎስ?" አለች ራዊያ ደንግጣ።

"አንቺ አለሽ አይደል?"

ራዊያ እኒህን አስቸጋሪ ሰው እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ገባት፤ ተናደደችም።

ሰኞ ጠዋት ከወረዳ የመጣ ሰው "መምህር ካሳ የት ቀሩ?" ሲል ጠየቃት።

ራዊያ ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። "ሥራ ላይ ናቸው" አለችው፤ ከኋላዋ ኢልሀም ሰሌዳውን እያጠፋች ነበር።