ድርጅቱ የታረቀ ዕለት

ድርጅት የሚባለው እንዴት ያለ ፍጡር ነው? ስም አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እናት ግን የለውም። ለቅሶ አይደርስም፣ ማኅበር አይጠጣም፣ ጎረቤቱ ሲታመም አይጠይቅም። ከሰው ጋር ስትጣሉ ቢያንስ መንገድ ላይ ስታገኙት ፊታችሁን ታዞሩበታላችሁ፤ ከድርጅት ጋር ስትጣሉስ ፊታችሁን ከምን ታዞራላችሁ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ቡሬ ውስጥ ነው፤ ያውም ድርጅቱን ራሴ ሆኜ።

የምሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። የቡሬው ቅርንጫፍ እኔ ነኝ፤ ሻጩም እኔ፣ ጠባቂው ሲቀር ጠባቂውም እኔ። ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ብሬከሩ፣ የውሃ ፓምፑና የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከእኛ ወጥቶ በሽንዲ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ ሱቆች ይበተናል። ሳጥኑ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፤ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከተቀደደ ግን ዋስትናው ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ደሳለኝ የሚባል የወንበርማ ገበሬ ሳጥኑን ታቅፎ መጣ። ተቃጥሏል። ወንዙ ከሥሩ እየፈሰሰ፣ ፓምፑ በመቆሙ ብቻ የበርበሬ ችግኙ ሊደርቅበት ነው፤ የልጆቹ የዓመት ተስፋ ያለው ደግሞ እዚያ መደብ ላይ ነው። ወረቀቱን አየሁት፤ ለሁለት ተቀዷል። ከፍተኸዋል አልኩት። አልከፈትኩም አለ። መመሪያው አይፈቅድም አልኩት፤ ይህን ስል ድምፄ የራሴ አይመስልም ነበር። ደሳለኝ አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ሳጥኑን እንደታቀፈ ወጣ። አዘንኩለት። ግን መመሪያ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌ ላከብኝ። ሚስቱን አልነጠቅሁ፣ ድንበሩን አልገፋሁ። ፊት የቀደሙት አያ ታከለ ናቸው፣ አገሩን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፤ ከኋላቸው አንድ ቄስና አንድ የቡሬ ነጋዴ ሐጂ አሉ። ወንበር አቀረብኩ። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ገዢ ሲገባ ገዢ ሲወጣ፣ ሦስቱም በሽቦው ጥቅልና በአምፖሉ መደርደሪያ መሀል ቆመው ቀሩ።

የከለከለው ድርጅቱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ አስረዳሁ። እንግዲያው እሱን ጥራልን አሉኝ። ሰው እኮ አይደለም አልኳቸው። አያ ታከለም፣

«ልጄ፣ ሰው ካልሆነ እንዴት ይከለክላል?» አሉ።

ስልክ አነሳሁና ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰሙትም ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ለሽያጭ አንድን፣ ለጥገና ሁለትን ይጫኑ ይል ጀመር። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው እስኪጨርስ ጠበቁት። ሲጨርስ አያ ታከለ እንደምን ዋላችሁ አሉት። እሱም አንድን እንዲጫኑ ደግሞ ነገራቸው። ጨዋ ነው፣ ግን ሰው የሚለውን አይሰማም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ስልኩን ዘጋሁት። ለማሳያ ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ሳጥን አወረድኩና ይኸው አልኩ። ያኔ ሦስቱም ተቀመጡ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዕቃ መስጠትና መታረቅ ለየቅል ናቸው። ደጅ የቆመው ደሳለኝ ተጠራና እውነቱን እንዲናገር ታዘዘ። ጉንዳን ገብቶበት ሊያራግፍ ከፍቶት ኖሯል። እንግዲያው ድርጅቱን ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። የይቅርታ ድንጋይ ከሱቅ ከየት ይምጣ? የተቃጠለውን ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊቴ ጎንበስ አለ። ይቅር ለእግዜር አልኩ፤ በድርጅቱ ስም።

«አሁን ደግሞ አንተ» አሉኝ አያ ታከለ። «ችግኙ እየደረቀ አይሆንም ብለኸዋል። ድርጅቱን ሁነህ ጠይቀው።»

ገዢዎች ከበውናል። አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን ከመጎንበስ አላዳነኝም። ዝቅ ብዬ፣ ድርጅቱ ይቅርታ ይጠይቅሃል አልኩት። ደሳለኝ ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው።

ችግኙ ተረፈ። ዋና መሥሪያ ቤት የማሳያው ሳጥን የት እንደገባ በየጊዜው ይጠይቀኛል። ይቅርታ መጠየቁን ግን እስካሁን አልሰማም።