የሩቁን ጥግ ካብ ማን ካበው

እጄን የጨበጠ ሰው ሁሉ ትንሽ ይደነግጣል። ለሴት እጅ ይሻክራል መሰለኝ። አሰላ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁና "ጠመኔው ነው" እላለሁ። ሰዉም ያዝንልኛል። ስንት ዓመት ጠመኔን ያለ ጥፋቱ አሳማሁት መሰላችሁ።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። እኔ ድንጋይ እክባለሁ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ሌላው ሰው ተደብቆ ይጠጣል፣ ተደብቆ ያፈቅራል። እኔ ተደብቄ እክባለሁ።

ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከሁሩታ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለውን ማሳችንን አንድ የቆየ ካብ ለሁለት ይከፍለዋል። በየክረምቱ የሆነ ቦታው ይናዳል። ወንድሜ ጌቱ ሞተር የሌለው ነገር አይነካም፤ ስለዚህ አባባ እኔን ይዞ ይወጣ ነበር። ትልልቁን ከሥር፣ ረጅሙን ወደ ውስጥ፣ ጠጠሩን በየቀዳዳው። አንድ ቀን አክስቴ እትዬ አስካለ በዚያ ስታልፍ አየችንና "አንተ ሰው፣ ድንጋይ የምትክብ ሴት ማን ይፈልጋታል?" አለችው። አባባ ሳቀ። እኔ ግን ቃሏን ይዤው አደግሁ። አባባ ካረፈ በኋላም ለእረፍት ስመጣ "ትንሽ አየር ልቀበል" ብዬ እወጣለሁ። እማዬም ለጎረቤት "ይቺ ልጅ አየር ትወዳለች" ትላለች።

ታዲያ አምና ኮምባይነር መጣ። የእኛን አገር ስንዴ የሚያጭደው እሱ አይደል? ካቡ መሃል ላይ ስለተጋደመ አላሳልፍ አለው። ካቡን አፍርሰው በመንገዱ በኩል አንድ በር፣ ሹፌሩ ተዳፋቱ ላይ መዞር አልችልም ስላለ ደግሞ በሩቁ ጥግ ሌላ በር ከፈቱለት። ጌቱ ተማረረ። ይሄ ካብ ለምንድን ነው የሚያገለግለው፣ በዶዘር አስነስተን ማሳውን አንድ እናድርገው አለ።

ያኔ ለምን እንደተካበ ክርክር ተነሳ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ የባላባት ወሰን ነው አሉ። ጌቱ የጅብ መከላከያ ነው አለ። አጎቴ ምሽግ ነው ብሎ የሚተኮስበትን ቀዳዳ ሁሉ አሳየን። ቀዳዳውን የከፈተችው ሽኮኮ ናት። እማዬ እየሰማች ስንዴዋን ትለቅማለች።

በመጨረሻ ዶዘር ስላልተገኘ ጌቱ ከከተማ ግንበኛ አምጥቶ የመንገዱን በር ከብት እንዳይገባበት በሲሚንቶ አስደፈነው። የሩቁ ጥግ ለሌላ ጊዜ ተባለ። እኔም የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ጠብቄ፣ ሁሉም ገበያ በወጣበት ቀን አየር ልቀበል ሄድኩ።

ማታ ሲመለሱ ጥጉ ተክቧል። ማን ካበው? ጌቱ "ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎ ነዎት መቼም" አላቸው። ኦቦ ገመቹ ትንሽ አሰቡ። "ጎረቤት ለመቼ ነው?" አሉና የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡ። እኔ ነበርኩ የቀዳሁላቸው።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ሲያባራ ሁላችንም ወጣን። ሲሚንቶው ውሃውን አላሳልፍ ብሎ ገድቦት ነበር፤ ሲብስበት እንደ ሰካራም በደረቱ ተደፍቷል። የላይኛውን አፈር ከነቡቃያው ውሃው ይዞት ሄዷል። በሩቁ ጥግ በኩል ግን ውሃው በድንጋዮቹ መሃል እየተጣራ፣ ጠላ መስሎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አፈሩ እዚያው አለ። አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም።

እማዬ ያኔ ተናገረች። "ወሰን ስትሉ፣ ምሽግ ስትሉ ሰማኋችሁ። አማቼ፣ አያታችሁ፣ ይህን መሬት ሲያርሱ ድንጋዩ ማረሻ እየሰበረ አስቸገራቸው። የለቀሙትን የት ያድርጉት? መሃል ላይ ደረደሩት። ክረምት ሲመጣ ውሃው አለፈ፣ አፈሩ ቀረ። ደስ ሲላቸው እስከ ዳር ካቡት። ይኸው ነው።"

ጌቱ የተደፋውን ሲሚንቶ አየ። "እንግዲህ ኦቦ ገመቹ፣ ይሄንንም እርስዎ ይካቡልን። ካልሆነ ነገ ዶዘር እጠራለሁ፤ እንዲህ ተበሳስቶ አይቀመጥም።"

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ ነካ አደረጉ። ቀና አሉ። ወገባቸውን ያዙ። ካመማቸው ዓመት እንዳለፈው ነገሩን። ጌቱ ስልኩን አወጣ።

አርባ ተማሪ ፊት ስቆም እንኳ ዓይኔን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምተክል ሰው ነኝ። ግን የአባባ ካብ ነው። ነጠላዬን ለእማዬ ሰጠሁና ትልቁን ድንጋይ አቀፍኩ።

"አንቺ፣ ምን ልትሆኚ ነው?" አለ ጌቱ።

"ያን ረጅሙን አቀብለኝ" አልኩት።

አቀበለኝ። ከዚያ ሌላ አቀበለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አላፊ አግዳሚው ቆመ፣ የሠርግ ያህል ሰው ሆነ። ሳይመሽ ካቡ ከካቡ ገጠመ፤ ጌቱ ላዩ ላይ ወጥቶ ዘለለበት፣ ንቅንቅ አላለም። የሩቁ ጥግም የእኔ ሥራ እንደሆነ ሁሉም ሳይጠይቅ ገባው። እማዬ ነጠላዬን መለሰችልኝና "አየሩን ጨረስሽው?" አለችኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል።

ዓይን ሁሉ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረ። እሳቸው አላፈሩም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጎበዝ ናት" አሉ። "እኔ ነኝ ዝም ብዬ የቆየሁላት።"

ዶዘሩ ቀረ። ዘንድሮ ኮምባይነሩ ሲመጣ ጌቱ ራሱ ቀድሞ ድንጋዩን አንስቶ በሩን ይከፍትለታል፣ እኔ መልሼ እክበዋለሁ። ከሁሩታ እስከ ኢተያ ካብ የተናደበት ሁሉ ይፈልገኛል። ቀጠሮ የሚይዙልኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ወገባቸው ለዚህ አያስቸግርም። ባለፈው ሳምንት ደውለው ወረፋውን ነገሩኝ።

የመጀመሪያዋ እትዬ አስካለ ናት። ሁለት ጊዜ ጠይቃለች አሉኝ።