ዐብዱልመናን ዚንክ ኦክሳይድ ያበቀለበት ዓመት

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለዐብዱልመናን፣ የማስተርስ ተማሪ፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ፣ የወይዘሮ ዙበይዳ የበኩር ልጅ። በ፳፻፪ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በከተማችን በጎንደር መብራት በፈረቃ በነገሠበት በወርኃ ሚያዝያ፣ ይህ ጀግና ዚንክ ኦክሳይድን ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ዘንግ መልክ፣ እንደ ጦር ቀጥ አድርጎ፣ በመስታወት ላይ ሊያበቅል ተነሣ፤ ዘንጉ ካልቆመ መመረቅ የለምና። አማካሪው ዶክተር ወልደ ገብርኤልም፦ «ሙቀቱ ዘጠና ዲግሪ ላይ ይርጋ! ከተናወጠ ለሚበቅለው እኔ የለሁበትም!» ሲሉ ዐወጁ።

መስታወቱ በዚንክ ውሁድ የተነከረበት ጠርሙስ በላቦራቶሪው ምድጃ ገና ሲሞቅ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ጀግናው ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንደሌለው የመሰከረውን ዘበኛውን ካሣዬን አስከትሎ፣ ባጃጅ ነጂው አላምረው እየነዳ፣ ቴርሞሜትሩን እንደ ሰንደቅ ይዞ፣ ወደ ቀሐ ወደ እናቱ ቤት ዘመተ፤ ከማክሰኝት በመጣ ከሰል ላይም ጠርሙሱን ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ አድርጎ ጣደ። ሙቀቱም አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ። ወይዘሮ ዙበይዳም፦ «ምነው ልጄ! ለኢድ ያስቀመጥሁት ድስት ነው፤ እንግዲህ ያው ያንተ ዚንክ ይኑርበት!» ሲሉ ዐወጁ።

የማይክሮስኮፑ ፎቶ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ጦር የለም፤ ዘንጎቹ እንደ አበባ ቅጠል ተዘርግተው ሁሉም አበባ ነበር። ጀግናው አለቀሰ፤ ዶክተሩ ግን አላለቀሱም። «ከዛሬ ጀምሮ ዓላማችን ከመጀመሪያውም አበባ ነበር! ርእሱ ይለወጥ! ከሰል የሚባል ነገር አይነሣ!» ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ።

በሐምሌም፣ ፈታኞች በተሰበሰቡበት አደባባይ፣ አበባው በምን ሁኔታ እንደበቀለ በተጠየቀ ጊዜ፣ ጀግናው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «ባልተናወጠ ዘጠና ዲግሪ!» ሲል ዐወጀ፤ እጅግ በጣም ጥሩ ተሰጠው፤ መምህርም ሆኖ ተሾመ።

በዘመነ ሉቃስ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ባገኘበት ዓመት፣ ሄለን የተባለች ተማሪ፣ ዐብዱልመናን የጻፈውን አምና ተቀብላ፣ ሙቀቱን አንዲት ዲግሪ ሳታናውጥ፣ አበባ ልታበቅል ደከመች። የበቀለላት ግን ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ጦር ነበር። ደገመች፤ ያው ጦር። አበባ የለምና ምረቃዋ ተላለፈ። መምህር ዐብዱልመናንም፦ «ሙቀቱን በደንብ ጠብቂ!» ሲል ዐወጀባት።

ኦ ዐብዱልመናን! ጦር ሽተህ አበባ ያገኘህ፣ አበባ የሻችውን በጦሯ የጣልህ፣ እንዳንተ ያለ ማን ተነሣ! እኔ ጸሐፊህ ይህን ስጽፍ አንጀቴ እያረረ ነው፤ ማወደስ ግን ሥራዬ ነው። ክብርህ ይስፋ፤ ማዕረግህ ይጨመር፤ ስምህንም ሄለን በምትጽፈው ሁሉ ትጥቀስ፤ ካልጠቀሰች አትመረቅምና።