ዘፋኝ የሌላቸው ሙዚቀኞች በወልቂጤ

ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሬዲዮ ዜና እስኪጀምር የሚያሰማንን አይደለም የምላችሁ። አንዱ ሙዚቃ ብቻውን የካሴቱን ገጽ ሙሉ የሚሄደውን ነው።

እኔን ያስለመደኝ ልጄ ደምስ ነው። አዲስ አበባ ጊታር ይጫወታል። ለመስቀል ወልቂጤ ሲገባ የሰው ልጅ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ይመጣል፤ የኔው የፈረንጅ ካሴት ይዞ ይመጣል። ጃዝና ሮክ የተጋቡበት ነው አለኝ። መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ሶኬቱን ነቀልኩ። እሳት ቢያስነሳስ? እየቆየ ግን ገባኝ። ኦርጋኑ ይናገራል፤ ጊታሩ በጨዋ ደንብ ያዳምጥና ተራው ሲደርስ ይመልሳል፤ ከበሮው መሃል ገብቶ ያስታርቃል። ደህና ደህና ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ሸንጎ በሉት። ያ ሁሉ ጥል የመሰለ ነገር መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚገጥም! እነዚህ ሰዎች ምን በልተው አደጉ እላለሁ፣ እስካሁን።

ደምስና ጓደኞቹም እንዲህ ያለ ባንድ አቋቋሙ። ችግሩ፣ አዲስ አበባ ሲጫወቱ ሰው ገና ከመጀመራቸው እየተነሳ ይወጣል። አንድ የመስቀል ሰሞን ወልቂጤ ሊጫወቱ መጡና ልጄ ቁርጡን ነገረኝ። ያገሬ ሰውም ጥሎኝ ከወጣ ጊታሩን ሰቅዬ መርካቶ አጎቴ ሱቅ እገባለሁ አለ። ሱቅ ክፉ አይደለም። ግን ልጅ አንገቱን ደፍቶ የሚገባበት ሱቅ ምን በረከት አለው?

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚወጣ ካለ ሰላምታ እያበዛሁ ላዘገየው ነው። ተጀመረ። አንዱ አለቀ፣ ሌላው ቀጠለ፤ ንቅንቅ የሚል የለም። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ይሄኔ ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሽኩር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አንተ ወንድሜ፣ ዘፋኙ ምን ሆኖ ነው የቀረው?»

ለካ ሰው ሁሉ ዘፋኙን እየጠበቀ ነው! እኛ አገር ምርቃት ሳይደርስ ከገበታ መነሳት ነውር ነው። ዘፋኙ ሳይመጣ መውጣትንም እንደዚያው ቆጥረውታል። ምን ልበል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዓይኔን ወደ መድረኩ መለስኩ።

ሙዚቃው አለቀ። ልጆቹ እጅ ነሱ። ሰው አሁንም እንደተቀመጠ ነው። ሽኩር ተነሳና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ልጆቻችን ደክማችኋል፣ አላህ ይስጣችሁ። የቀረውን ዘፋኛችሁንም በደህና ያምጣላችሁ።»

አዳራሹ ገሚሱ አሜን፣ ገሚሱ አሚን እያለ አስተጋባ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ግን እንባ አቅርሮ ይስቃል።

«አባዬ፣ አንድም ሰው አልወጣም» አለኝ።

የጠበቁት እኮ ሌላ ነው ልለው ነበር። ቀደመኝ። የፈለጉትን ይጠብቁ፣ እየጠበቁም ቢሆን ሰምተውናል አለ።

ለነገሩ ሲጫወቱ እየቀዱ ነበር። ቅጂው ካሴት ሆኖ ወጣ፤ መጨረሻው ላይ የሽኩር ምርቃትም ከነአሜኑ ከነአሚኑ አብሮ ወጣ። ደምስ ሱቅ አልገባም። ሱቅ የገባው ካሴቱ ነው። ሽኩር ጨርቅ እየለካ ያጫውተዋል። ገበያተኛው ሰልችቶት ሊወጣ ሲል እጁን ይይዘዋል።

«ምን ያስቸኩልሃል? ዘፋኙ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።»