የጾመኛዋ ላም እሳት

አዲስ ነገር ወደ ሰው ቤት የሚገባው በየትኛው በር ነው? በመምህርነቴ ዘመን ብጠየቅ ኖሮ ያለ ጥርጥር «በአእምሮ በር» እል ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መልሴን አርሜዋለሁ፤ በማጀት በኩል ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ደግሜ ላርመው፤ በማጀት በኩል ይገባል፣ ጾም ሲመጣ ግን ተመልሶ ደጅ ላይ ይቆምና ፈቃድ ይጠይቃል።

ገርጂ ስላችሁ ፎቁና የታክሲው ወረፋ እንደሚታያችሁ ዐውቃለሁ። እኔ የምለው በደርግ ዘመን የነበረውን ገርጂ ነው፤ ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ የማያዩበትን ሜዳ። ላምባ በቀበሌው ሱቅ በወረፋ ይገኝ ነበር። ይገኝ የነበረው ወረፋው ነው፤ ላምባው እንደ ቀኑ ነው። ስለዚህ መንደራችን በማገዶና በኩበት ጢስ ታጥኖ ያድር ነበር።

አበበች ባሏ የሞተባት፣ ጥቂት ላሞች ያሏት ጎረቤታችን ነበረች። ጢሱ ዓይኗን ጎድቶት ከሜዳው ማዶ የሚመጣውን ሰው ከዛፍ መለየት አቅቷት ነበር። ሐኪሙ «ከጢስ ካልራቅሽ የቀረውም ይሄዳል» ብሏታል። ይበል እንጂ፣ ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ከምድጃዋ ወዴት ትርቃለች?

አንድ ቀን ባለሙያዎች መጥተው ከእበት ጋዝ እንደሚወጣ በስብሰባ አስረዱን። እኛ በዘመኑ ደንብ አጨበጨብን። አበበች ግን ተነሥታ ጠየቀች።

«ጢስ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ጉድጓዱ በእኔ ግቢ ይቆፈር።»

ተቆፈረ። ባለሱቁ ሸምሱ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ ዶማ አነሣ። እበት ከየቤቱ በባልዲ እየመጣ፣ ከውኃ ጋር እየተበጠበጠ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ በላዩ የብረት ክዳን ተደፋበት፤ ቱቦ ወደ አበበች ማጀት ተዘረጋ። ከሳምንታት በኋላ ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለ። ጢስም ሽታም አልነበረውም። ስለ ሽታው ላርም፤ ትንሽ ነበረው፤ ጨዋ ሰዎች ስለሆንን ማንም አላነሣውም። ባልዲ ያመጣ ሁሉ በተራው ወጡን እዚያ ይሠራ ጀመር፤ ከጉድጓዱ የተረፈው ዝቃጭም ጎመናችንን አወፈረው። ስለ ቁጠባ ብዙ መፈክር አንብቤአለሁ፤ እነዚያን ባልዲዎች ያህል አንደበተ ርቱዕ የሆነ ግን አልገጠመኝም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እማማ ድንቄ የመንደሩ ታላቅ ሴት ነበሩ፤ እሳቸው ያልባረኩት ነገር አይጸናም። «ወተቱም ጋዙም የሚወጣው ከአንድ ላም ነው» አሉ። «አንደኛው ፍስክ ከሆነ ሌላው በምን ጾም ሆነ?»

«ኩበት ስናነድ አልኖርንም ወይ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ኩበት ፀሐይ ያየው ነው፣ መምህር። ይኼ በጨለማ የተብላላ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መምህር ነኝና ጋዙን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን መሆናቸውን አብራራሁ።

«ሕይወት አላቸው?»

«አላቸው።»

«እንግዲያው ሥጋ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ባልዲዎቹ ቀሩ። የአበበች ላሞች ብቻቸውን ለጉድጓዱ አይበቁም ነበርና ነበልባሉ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ሄደ። አበበች የምትችለውን በጋዙ፣ የቀረውን በማገዶ ማብሰል ጀመረች፤ ዓይኗም መልሶ ያለቅስ ጀመር። በዚህ መሐል የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራ ደረሳት። ከቤቷ ሳይበላ ከተወጣ ጉድጓዱ አበቃለት፤ ጉድጓዱ ካበቃለት ዓይኗም እንዲሁ። ይህን እያወቀች የተጠራቀመችውን ጋዝ ሁሉ ለዚያ ቀን ሽሮና ምስር አዋለቻት።

ማኅበርተኛው አልቀረም፤ መቅረት ነውር ነው። መጥቶ አለመብላት ግን የተፈቀደ ይመስል ሁሉም እጁን ታጥቦ እጁን ሰበሰበ። የጾም ምግብ በመሆኑ ከእኛ ጋር የተጋበዘው ሸምሱ ግራ ቀኝ አየና «እኔስ በራበኝ፤ ግን በእናንተ ጾም ዳኛ እንድሆን አትጠብቁ» አለ። የማኅበሩ ቄስ መስቀላቸውን ማገላበጥ ያዙ።

አበበች እማማ ድንቄ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ላሜ ከሣርና ከውኃ በቀር የቀመሰችው ነገር የለም። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ናት። ከዚህ ቤት እንደሷ የጾመ ማን አለ?»

እማማ ድንቄ በቀላሉ የሚረቱ ሴት አልነበሩም።

«ጥጃ ሳለች ወተት ጠብታለች» አሉ።

«ሕፃን አይጾምም፣ እማማ።»

ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና እንጀራውን ባርከው ቆረሱ። እማማ ድንቄ ሽሮውን አጠቀሱ፣ ቀመሱ፣ «ጨው አንሶታል» አሉ። መፈቀዱን ያወቅነው በዚህ ነው።

በማግስቱ ፊተኛው ባልዲ የመጣው ከእሳቸው ቤት ነው። የማይሆን ነገር እንደተናገሩ የማመን ልማድ የላቸውም፤ እንዲያውም ሕጉን አጠበቁት። በጾም ወራት የሕፃናት ወተት የነካው የዕቃ እጣቢ ለማንም ላም እንዳይሰጥ አዘዙ። ስለዚህ በገርጂ ከእኛ ጋር ላሞቹም በይፋ ጾሙ፤ እሳቱም ሳይቋረጥ ዓመቱ ዞረ።

በተከታዩ ሁዳዴ አንድ ጠዋት ከአበበች ጋር ማጀቷ ደጃፍ ቆመን ስንጨዋወት እማማ ድንቄ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በሜዳው ብቅ አሉ። እኔ በመነጽሬም አልለየኋቸውም ነበር።

«እማማ ናቸው» አለች አበበች። ጥቂት ቀረብ እንዳሉም «እማማ፣ እበቱ ላይ ጣል ያለው የእንቁላል ቅርፊት አይደለም?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ቆሙ፤ ባልዲውን አዩ፤ ቅርፊቱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወረወሩ።

«የልጅ ልጄ የበላው ነው» አሉ። «ሕፃን አይጾምም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ባልዲውን ለእኔ አስጨብጠው ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«አይ መምህር፣ ይህችን ዓይንስ ባናድናት ይሻለን ነበር።»